ከሥራ መልስ የሚደርስ የሥጋ ቶስታዳ፦ ኮሽታውን ሳያጣ ከገበታ እንዲቀርብ

ጥሩ ቶስታዳ ከመጀመሪያው ንክሻ እስከ መጨረሻው ኮሽ ይላል። ከሥር በዘይት የደረቀ የበቆሎ ቶርቲላ (የሜክሲኮ ስስ ቂጣ)፣ በላዩ የተፈጨ ቦሎቄ፣ ቅመም የጠገበ ትኩስ ሥጋ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ አይብና ሎሚ፤ ሁሉም በአንድ አፍ ይገናኛሉ። ቤት ውስጥ የሚሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ገና ከሳህኑ ሳይነሣ ይለሰልሳል፣ መሐል ለመሐል ይሰበራል፣ ሥጋውም እጅ ላይ ይወርዳል። ጥፋተኛው ውሃ ነው። በቶርቲላው ውስጥ ውሃ አለ፣ በሥጋው መረቅ ውስጥ አለ፣ በቲማቲሙና ታጥቦ በቀረበው ሰላጣ ላይም አለ። ይህ መመሪያ ያንን ውሃ ከየቦታው እንዴት እንደምታስወጡት ደረጃ በደረጃ ያሳያል። እሱ ከተያዘ የቀረው በአርባ አምስት ደቂቃ አካባቢ የሚያልቅ የማታ ምግብ ነው።

ቶስታዳ በአገሩ

ሜክሲኮ ውስጥ የበቆሎ ቶርቲላ የየዕለቱ ምግብ ነው፤ ከሰፈር መጋገሪያ ትኩሱን በኪሎ ገዝቶ መግባት የተለመደ ነው። ያደረው ግን ይደርቃል፤ ጠርዙ ይነሣል፣ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። እሱን የሚጥል የለም። በዘይት ይጠበሳል ወይም በምጣድ ላይ ጨርሶ እንዲደርቅ ይደረግና ቶስታዳ ይሆናል፤ እኛ ካደረ እንጀራ ድርቆሽ እንደምናወጣው ነው።

የሚደረብበት ነገር እንደየአካባቢው ይለያያል። በፓስፊክ ዳርቻ፣ በሲናሎአና በባሃ ካሊፎርኒያ፣ በሎሚ የራሰ ጥሬ ዓሣ ማለትም ሴቪቼ ይደረብበታል። ፑኤብላ በዶሮ ቲንጋዋ፣ ማለትም በቲማቲምና በበርበሬ በተሠራ የተፈለፈለ ዶሮ፣ ትታወቃለች። ኦሃካ ደግሞ ትላዩዳ የሚባል ሰፊ፣ በምጣድ የደረቀ ቶርቲላ አላት። በሜክሲኮ ከተማ ኮዮአካን ገበያ ውስጥ ቶስታዳ የሚሸጡት ሴቶችና ወንዶች መደራረቢያውን በትልልቅ ሳህን ከምረው ያስቀምጡታል፤ በላተኛው አይቶ ይመርጣል። ለሥራ ቀን ማታ የሚስማማው ግን ፒካዲዮ ነው። ይህ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ከድንች፣ ከቲማቲምና ከደረቅ በርበሬ ጋር የሚሠራበት፣ በሜክሲኮ ማጀት ሁሉ የሚታወቅ ወጥ ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ በቴክሳስ፣ ከሙኑ በርከት ይላል፣ ቢጫ አይብም ይበዛል። እዚህ የምንሠራው የመጀመሪያውን ነው፤ ድንቹ መረቁን ስለሚመጥ ለቶስታዳ የበለጠ ይመቻል።

የሚያስፈልገው (ለአራት ሰው፣ 12 ቶስታዳ)

ለሥሩ፦ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው 12 የበቆሎ ቶርቲላዎች፣ ለመጥበሻ የሚሆን ዘይት፣ ጨው።

ለሥጋው፦ 500 ግራም የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ 1 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 1 ትልቅ ድንች፣ 2 የበሰሉ ቲማቲሞች፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ አንቾ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ከሙን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኦሬጋኖ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ።

ለቦሎቄው፦ 2 ኩባያ የበሰለ ቦሎቄ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሩብ ሽንኩርት፣ ጨው።

ለላዩ፦ 3 ጠንከር ያሉ ቲማቲሞች፣ ግማሽ ሽንኩርት፣ 1 ወይም 2 ቃሪያ፣ አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠል፣ ሩብ ጥቅል ጎመን ወይም ሰላጣ፣ 1 አቮካዶ፣ ወፍራም እርጎ ወይም ሳወር ክሬም፣ የሚፈረፈር ነጭ አይብ፣ 4 ሎሚ።

ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ጥቂቶቹ

ስለ ቶርቲላው። ከገበያ የምንገዛው ተራ የበቆሎ ዱቄት ቶርቲላ አይሆንም። በውሃ ቢያቦኩት አይያያዝም፤ ሲዳምጡት ይፈረካከሳል። ለቶርቲላ የሚሆነው በቆሎ አስቀድሞ በኖራ ውሃ ተቀቅሎ፣ እዚያው አድሮ፣ ቅርፊቱ ታጥቦ የወጣለት ነው። የሜሶአሜሪካ፣ ማለትም የሜክሲኮና የአካባቢው፣ ሕዝቦች ይህን ዘዴ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ኖራው የፍሬውን ልባስ ያላላል፣ ሊጡ እንዲያያዝ ያደርጋል፣ በበቆሎው ውስጥ ታስሮ የነበረውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚንም ሰውነት እንዲጠቀምበት ይፈታዋል። በቆሎውን ከአሜሪካ ወስደው ዘዴውን የተዉት አውሮፓውያን ድሆች፣ በኋላም የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ገበሬዎች፣ ፔላግራ በተባለው በሽታ ያለቁት ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሚበሉት ከበቆሎ ሌላ ብዙም አልነበረምና።

ስለዚህ የምትፈልጉት ወይ የተጋገረ የበቆሎ ቶርቲላ ነው፣ ወይ ማሳ አሪና የተባለው፣ በኖራ ከታከመ በቆሎ የተፈጨ ዱቄት፤ ማሴካ የሚባለው ምርት በስፋት ይታወቃል። አሜሪካ ለምትኖሩ ቀላል ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ከሐበሻ መደብር ብዙም ሳይርቅ የላቲን አሜሪካውያን መደብር አለ፤ ቶርቲላውንም፣ ደረቅ በርበሬውንም፣ አይቡንም አንድ ላይ ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የበቆሎውን ማግኘት ይከብዳል። በስንዴ ቶርቲላ መሥራት ይቻላል፣ ኮሽታም ይኖረዋል፤ የበቆሎው መዓዛና ጥንካሬ ግን አይኖርም። የስንዴውን አትጥበሱት፤ ኦቨን ውስጥ በ190 ዲግሪ ለ8 ደቂቃ ያህል አድርቁት።

ማሳ አሪና ካገኛችሁ ሊጡ ራሱ ሥራ አይበዛበትም። 2 ኩባያ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ተኩል ለብ ያለ ውሃ አዋህዳችሁ አቡኩና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ለ20 ደቂቃ ተዉት። ትንሽ ቆርሳችሁ በጣታችሁ ስትጫኑት ጠርዙ ከተሰነጠቀ ውሃ ጨምሩ፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ ዱቄት። የእንቁላል አስኳል የሚያህል ድቡልቡል እየሠራችሁ በሁለት የፕላስቲክ ወረቀት መካከል በሳህን ቂጥ ተጫኑት፤ በጋለ ደረቅ መጥበሻም በየጎኑ አንድ ደቂቃ ያህል ጋግሩት። ይህንን ቅዳሜ ወይም እሑድ ሠርታችሁ ብታስቀምጡ ይሻላል። ለቶስታዳ ያደረው ከትኩሱ ይበልጣል።

ስለ በርበሬው። የወጥ በርበሬያችንን ለዚህ አትጠቀሙ። ኮረሪማው፣ አብሹ፣ በሶብላውና ነጭ አዝሙዱ ለወጥ የተዘጋጁ ናቸው፤ አንድ ማንኪያ ብቻ ሥጋውን ወደ ምንቸት አብሽ ይወስደዋል። ምንቸት አብሽ እጅግ የምወደው ምግብ ነው፣ ቶስታዳ ላይ ግን ቦታው አይደለም። አንቾ የደረቀ የፖብላኖ ቃሪያ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ የማያቃጥል፣ እንደ ዘቢብ ጣፈጥ የሚል። ካጣችሁት ቅመም ያልገባበት፣ ዛላው ብቻ የተፈጨ የማረቆ በርበሬ ግማሽ ማንኪያ ከግማሽ ማንኪያ ፓፕሪካ ጋር ቀላቅሉ፤ ቀለሙ ይቀራረባል፣ ማቃጠሉ ግን ከአንቾው ይበረታል። ከሙን ስትገዙም ነጭ አዝሙድ ወይም ጥቁር አዝሙድ እንዳትወስዱ አሽትታችሁ እርግጠኛ ሁኑ። ኦሬጋኖ ከሌለ ትንሽ ደረቅ ጦስኝ ይበቃል፤ ሜክሲኮአውያንም ጦስኝን በወጦቻቸው ይጠቀማሉ።

ስለ ቆርቆሮ ቦሎቄ። ተፈጭቶና ተጠብሶ በቆርቆሮ የሚሸጠው የሜክሲኮ ቦሎቄ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ አለበት። በስፓኒሽ ማንቴካ ይባላል። የማትበሉ ከሆነ ጽሑፉን ሳታነብቡ አትግዙ፤ አንዳንድ የስንዴ ቶርቲላዎችም ይኸው ስብ ይገባባቸዋል። ያልተፈጨውን፣ በውሃና በጨው ብቻ የታሸገውን ገዝቶ ቤት መጥበስ ከሁሉም ይሻላል።

አንደኛ፦ ቶርቲላውን አየር አስመቱት

ቤት እንደገባችሁ፣ ልብስ ከመቀየራችሁ በፊት፣ ቶርቲላዎቹን ከጥቅላቸው አውጥታችሁ በጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ዘርጓቸው። ሳይደራረቡ፣ ሳይሸፈኑ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲቆዩ ላያቸው ይደርቃል፣ እንደ ቆዳ ጠንከር ይላሉ። ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ይለውጣል። እርጥብ ቶርቲላ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውሃው በእንፋሎት እየወጣ ያብጠዋል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ብዙ ዘይትም ይጠጣል። የደረቀው ቶሎ ይጠነክራል፣ እንደተዘረጋም ይቀራል። መሐሉን በሹካ ሦስትና አራት ቦታ ብትወጉት እንፋሎቱ መውጫ ያገኛል።

ሁለተኛ፦ የቲማቲሙን ውሃ አፍስሱ

ሦስቱን ቲማቲሞች ለሁለት ከፍላችሁ ፍሬውንና ዝልግልጉን በማንኪያ አውጡ፤ የቲማቲሙን ሥጋ ብቻ በትንንሹ ክተፉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱና ወንፊት ላይ አድርጋችሁ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ተዉት። ምግቡ እስኪደርስ ከሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ስታዩ ትገረማላችሁ፤ ያ ሁሉ ቶስታዳው ላይ ሊፈስስ የነበረ ነው። አትድፉት፣ ቦሎቄውን ለማላላት ይጠቅማል። ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና የድንብላሉን ቅጠል ክተፉና ለየብቻ አስቀምጡ፤ ከቲማቲሙ ጋር የሚገናኙት በመጨረሻው ሰዓት ነው።

ጎመኑን ወይም ሰላጣውን እንደ ክር አቅጥናችሁ ቁረጡ። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃው እስኪጠፋ አራግፉት። እኔ ጥቅል ጎመንን እመርጣለሁ፤ ትኩስ ሥጋ ሲነካው ሰላጣ ወዲያው ይጠወልጋል፣ ጎመን ግን ጸንቶ ይቆያል።

ሦስተኛ፦ ሥጋውን ጥበሱ

በወጥ ልማዳችን ሽንኩርት ይቀድማል፤ መጀመሪያ ይቁላላል፣ ሥጋው በኋላ ይገባል። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ሽንኩርት ውሃ ያወጣል፣ በውሃ ውስጥ ደግሞ ሥጋ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሥጋው ቀይ ዳማ የሚሆነው ላዩ ከውሃ መፍላት በላይ ሲግል ነው፤ ጣዕሙም ያኔ ይወጣል።

ሰፊ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት አግሉና አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ሥጋውን አስገብታችሁ በማማሰያ ጀርባ እንደ ቂጣ ዘርጉት፤ ከዚያ እጃችሁን አንሡ። ለ4 ደቂቃ ያህል አትንኩት። መጥበሻችሁ ትንሽ ከሆነ ሥጋውን ሁለት ቦታ ከፍላችሁ ጥበሱ፤ ከተጨናነቀ በራሱ ውሃ ይዋኛል።

በዚህ ጊዜ ጆሯችሁን ስጡት። መጀመሪያ የምትሰሙት የሚያፏጭና የሚንፈቀፈቅ እርጥብ ድምፅ ነው፤ ያ ከሥጋው የሚወጣው ውሃ ሲፈላ ነው። በጠርዙ ዙሪያም ግራጫ አረፋ ይታያል። ቆይቶ ድምፁ ይቀየራል፤ ፏጨቱ ቀርቶ ጠብ ጠብ፣ ጣ ጣ የሚል ደረቅ ድምፅ ይጀምራል። ውሃው አልቋል፣ ሥጋው በገዛ ስቡ መጠበስ ጀምሯል ማለት ነው። አሁን አንዱን ጥግ ገልጣችሁ እዩ። ሥሩ ጠቆር ያለ ቡናማ ከሆነ ገልብጡትና በማማሰያው ሰባብሩት፤ ሁለት ደቂቃ ጨምራችሁ ወደ ሳህን አውጡት።

በመጥበሻው ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ስብ አስቀሩ፤ ከበዛ ቀንሱ፣ የኢትዮጵያ ሥጋ ቀይ ሆኖ ስብ ካነሰው ዘይት ጨምሩ። ድንቹን ግማሽ ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ መጠን ከትፋችሁ ከሽንኩርቱ ጋር አስገቡ። መካከለኛ እሳት ላይ ለ6 ወይም ለ7 ደቂቃ እያማሰላችሁ ጠርዙ ወርቃማ እስኪሆን ጥበሱ። ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሩ። ከዚያ በርበሬውን፣ ከሙኑንና ኦሬጋኖውን ስቡ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ብቻ አዙሩ፤ መዓዛው ቤቱን ሲሞላ የቲማቲም ድልሁን አስከትሉ። በርበሬ ከዚያ በላይ ከቆየ ያርራል፣ ይመራልም።

ሁለቱን ቲማቲሞች በሞረድ ፍቃችሁ ጨምሩ፤ ልጣጩ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሥጋውን መልሱት፣ ጨውና ግማሽ ኩባያ ውሃ ጨምራችሁ ክደኑት። ድንቹ እስኪበስል ለ8 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። አዲስ አበባና ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ ውሃ በሁለቱም የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ድንችም ቦሎቄም በደጋ ጊዜ ይወስዳሉ። ዲሲ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ቶሎ ይደርስለታል።

አሁን ክዳኑን አንሡና አድርቁት። መሐል ለመሐል በማማሰያው መስመር ስትስቡ መንገዱ ሳይዘጋ የመጥበሻው ሥር ለሁለትና ሦስት ሰከንድ መታየት አለበት፤ በመንገዱ ላይ የሚያንጸባርቅ ቀይ ዘይት ይኑር፣ የሚፈስስ መረቅ ግን አይኑር። ለእንጀራ ቢሆን በዚህ መጠን የደረቀ ወጥ ይነቀፋል። ለቶስታዳ ትክክለኛው ይህ ነው። ኮምጣጤውን ጠብ አድርጉ፣ ጨው ቅመሱ፣ ከእሳት አውርዱ።

አራተኛ፦ ቦሎቄው

ሥጋው ተከድኖ ሲንተከተክ ይህኛው ይሠራል። ዘይቱን አግላችሁ ሩቡን ሽንኩርት ጠቆር እስኪል ጥበሱ። ቦሎቄውን ከትንሽ መረቁ ጋር ገልብጡና በድንች መፍጫ ወይም በኩባያ ሥር እዚያው መጥበሻ ላይ ፍጩት። ልስልስ ብሎ እንዳያልቅ፤ አልፎ አልፎ ሙሉ ፍሬ ሲገኝበት ደስ ይላል። ከዚያ እያማሰላችሁ ውፍረቱን ጠብቁ። መጥበሻውን ስታዘነብሉት አንድ ላይ ተያይዞ ከተንሸራተተ ደርሷል። በጣም ከደረቀ ከወንፊቱ ሥር ያቆያችሁትን የቲማቲም ውሃ አጠጡት።

በቆርቆሮ ያልተገዛ ደረቅ ቦሎቄ ከሆነ ከዋዜማው ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ በአዲስ ውሃ በግፊት ድስት ለ25 ደቂቃ ቀቅሉት። ቀይ ቦሎቄ በደንብ ሳይፈላ ሆድ ይጎዳል፤ በግፊት ድስት ካልሆነ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል ይፍላ፣ ከዚያ እስኪፈራርስ በቀስታ ይብሰል።

አምስተኛ፦ ቶርቲላውን ማድረቅ

ሦስት መንገድ አለ። ምርጡ መጥበስ ነው፤ ቀላሉ ኦቨን ነው፤ ሦስተኛው ምጣድ።

ለመጥበስ፣ ጠለቅ ባለ መጥበሻ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚደርስ የሱፍ ወይም ሌላ ጣዕሙ የማይጎላ ዘይት አፍስሱ። የኑግ ዘይት መዓዛው ስለሚበረታ አይሆንም። 180 ዲግሪ አካባቢ ይድረስ፤ መለኪያ ከሌላችሁ የቶርቲላ ቁራሽ ጣሉበት፣ ወዲያው በአረፋ ተከብቦ ወደ ላይ ከመጣ ደርሷል። ከጨሰ አልፏል፣ እሳቱን ቀንሱ። አንድ ቶርቲላ አስገቡና በመቆንጠጫ ወይም በሁለት ሹካ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ያዙት። መጀመሪያ ትልልቅ አረፋ ይወጣል። ከ45 ሰከንድ በኋላ ገልብጡት። አረፋው እያነሰ፣ እየደቀቀ፣ ድምፁም እየቀነሰ ሲሄድ የቶርቲላው ውሃ አልቋል፤ በአጠቃላይ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አረፋ እየጎላ ሳለ ካወጣችሁት ሲቀዘቅዝ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ቀለሙ ብቻ አያታልላችሁ፤ አረፋውን ተከተሉ።

ስታወጡት ዘይቱን አንጠፍጥፉና የሽቦ መደርደሪያ ላይ አቁሙት፤ ከሌለ ከሳህን ጠርዝ ጋር አስደግፋችሁ በሶፍት ላይ አቁሙት። ትኩስ በትኩስ ላይ ከደረባችሁት እንፋሎቱ ታፍኖ ይመለስበታል፤ ድካማችሁም ከንቱ ይቀራል። ጨው የሚነሰነሰው ላዩ ገና በዘይት ሲያበራ ነው። ዘይቱ በእሳት ቢያያዝ ውሃ እንዳታፈስሱበት፤ እሳቱን አጥፍታችሁ ክዳን ክደኑበት። ክዳኑን ከመጀመሪያው አጠገባችሁ አድርጉ።

በኦቨን ከሆነ 200 ዲግሪ አግሉት። ሁለቱንም ጎን ዘይት በስሱ ቀቡ፣ ጨው ነስንሱ፣ ሳይነካኩ በሽቦው ላይ ራሱ ደርድሩ። ከ5 ወይም 6 ደቂቃ በኋላ ገልብጡ፤ በጠቅላላው ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃል። ሲወጣ መሐሉ ትንሽ ቢለሰልስ አትደንግጡ፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ቶርቲላ ዘይት ሳይነካው በሰፊ ምጣድ ላይ ማድረቅ በሜክሲኮም የኖረ ዘዴ ነው፤ የኦሃካ ትላዩዳም የሚደርቀው በሸክላ ምጣድ ላይ ነው። ምጣዱን መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርጋችሁ አምስት ስድስቱን ባንድ ጊዜ ዘርጉ። ጠርዛቸው ሲነሣ በንጹሕ ጠፍጣፋ ክዳን ተጫኗቸው፣ በየሁለት ደቂቃው ገልብጡ። በጣት ስትመቱት ኳ ካለ ደርሷል። ከተጠበሰው የበለጠ ጠንካራ ነው፣ ለሆድም ይቀልላል።

ስድስተኛ፦ መደረብ

ሁሉም ሰው ሳይቀመጥ አትጀምሩ። ወጣ ገባ የሚል ልጅ ካለ ይጠራ፣ እጅ ይታጠብ። በደንብ የተሠራ ቶስታዳም ከተደረበበት ከ5 ደቂቃ በላይ አይጠብቅም።

ቲማቲሙን ከሽንኩርቱ፣ ከቃሪያውና ከድንብላሉ ቅጠል ጋር አዋህዱና የአንድ ሎሚ ጭማቂ አድርጉበት። የአገራችን ትንሿ ሎሚ ሜክሲኮአውያን ለዚህ የሚጠቀሙባት ዓይነት ናት፤ ውጭ አገር ያላችሁ ከትልቁ አረንጓዴ ሎሚ ይልቅ ትንሿን ካገኛችሁ እሷን ግዙ።

ቶስታዳውን መዳፍ ላይ ሳይሆን ሳህን ላይ አስቀምጡ። አንድ ማንኪያ ተኩል ትኩስ ቦሎቄ እስከ ጠርዙ ድረስ በስሱ ቀቡት። ቦሎቄው ሁለት ሥራ አለው፤ ሥጋውን አጣብቆ ይይዛል፣ ቅባቱና ውፍረቱም ከላይ የሚመጣውን እርጥበት ይከለክላል። ጥግ ላይ ያልተቀባ ቦታ ከቀረ መጀመሪያ የሚለሰልሰው እዚያ ነው። ሦስት ማንኪያ ሥጋ አስከትሉ። በላዩ አንድ ቁንጥር ጎመን፣ ከዚያ በማንኪያ ጠርዝ ውሃው የተንጠፈጠፈ ቲማቲም፣ ሁለት ቁራጭ አቮካዶ፣ እርጎ፣ በመጨረሻ አይብ። ሎሚው ከመንከሳችሁ በፊት ይጨመቅ።

አይቡ በሜክሲኮ ኬሶ ፍሬስኮ ወይም ጨዋማው ኮቲሃ ነው። የእኛ አይብ በደንብ ከተጠነፈፈ ጥሩ ይተካዋል፤ በጨርቅ አጥልላችሁ ጨመቅ አድርጉት፣ ጨው ጨምሩበት፣ ፈርፍሩት። ውሃ ያዘለ አይብ ግን ከቲማቲሙ የባሰ ነው። እርጎውንም እንዲሁ በጨርቅ አጥልላችሁ፣ ጨውና ጥቂት ሎሚ ጨምራችሁ ብትመቱት የሳወር ክሬሙን ቦታ ይይዛል።

ለቤተሰብ ስታቀርቡ ከማጀት ደርባችሁ ባታመጡት ይመረጣል። ትሪ መሐል ላይ ይቀመጥ፤ ደረቁ ቶስታዳ ለብቻው፣ ሥጋውና ቦሎቄው በየድስታቸው ክዳን ሥር፣ ሌላው በየሳህኑ። ሁሉም ለራሱ እየደረበ ይበላል። ቃሪያ የማይወድ ልጅም፣ አይብ የማይበላ አዋቂም ያለ ጭቅጭቅ ይስተናገዳል። በሁለት እጅ ጠርዝና ጠርዙን ይዞ፣ ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብሎ መብላት ነው፤ ቢላና ሹካ ይሰባብረዋል።

ለጾምና ለሌላ ገበታ

ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ቤት ሥጋው ሲቀር ቶስታዳው አይቀርም። ቦሎቄውን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ፣ ድንቹን ያለ ሥጋ በዚያው በርበሬ ጥበሱት፣ አቮካዶውን ጨምሩ፣ እርጎና አይቡን ተዉ። እንጉዳይ ከተገኘ እንደ ሥጋው በኃይለኛ እሳት ውሃው እስኪያልቅ ጠብሳችሁ ቀላቅሉት። እስራኤል የሚኖሩና ሥጋን ከወተት ለይተው የሚበሉ ወገኖችም አይብና እርጎውን ትተው አቮካዶውን ከሎሚና ከጨው ጋር አድቅቀው ቢያደርጉበት ምንም አይጎድልባቸውም።

ከተረፈ

ደረቁ ቶስታዳ ጨርሶ ከቀዘቀዘ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ማቀዝቀዣ ሳይገባ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከተነፈሰበት በ180 ዲግሪ ኦቨን ለ5 ደቂቃ አሙቁት፤ ከመደብር የተገዛ ደረቅ ቶስታዳም በዚሁ መንገድ ይታደሳል። ሥጋው በማቀዝቀዣ ለ3 ቀን ይቀመጣል፤ ስታሞቁት ክዳን አትክደኑበት፣ ላብ ያመጣል። የመጥበሻውን ዘይት በጨርቅ አጥልላችሁ ጨለማ ቦታ ብታስቀምጡ ሁለት ሦስት ጊዜ ያገለግላል፤ ሽታው ከተለወጠ ወይም ካጠቆረ ይደፋ። የተሰባበረውን ቶስታዳ ደግሞ በማግስቱ ቁርስ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በጥቂት ዘይት አሙቃችሁ እንቁላል ምቱበት፤ በሜክሲኮ ሰሜንና በቴክሳስ ሚጋስ ይሉታል። እንቁላሉ እንደረጋ ወዲያው ይወጣ፣ ቁርጥራጩ ገና ኮሽ እያለ።